ሞምባሳ ለዕረፍት፦ ከወደቡ ማዶ ያለው የነጋዴዎች ታሪክ

ሞምባሳን የማያውቅ የመስመራችን ነጋዴ የለም። የምናውቃት ግን በወረቀት ነው። በመጫኛ ሰነዱ ላይ፣ ከኮንቴይነሩ ቁጥር ጎን፣ በአስተላላፊው ደረሰኝ ግርጌ ስሟን ስናነብ ኖረናል። ብርድ ልብሱም፣ ጫማውም፣ የወጥ ቤት ዕቃውም በዚያ ወደብ ገብቶ ናይሮቢ ይደርሳል፤ እኛ ከናይሮቢ አንስተን በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ሞያሌ እናስገባለን። ከመካከላችን በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት የደፈነ አለ። ባሕሩን አይቶ የተመለሰው ግን በጣት ይቆጠራል።

እኛ የምንለው አንድ እቁብ የምንጥል፣ ከሞያሌ ናይሮቢ የምንመላለስ ሴቶችን ነው። ሞምባሳን መጀመሪያ የረገጥናት በጋራ ያስመጣነው ዕቃ ወደብ ላይ ሲዘገይብን ነበር። ከአስተላላፊ ቢሮ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ መጋዘን ስንል አራት ቀን አለቀ። ሥራውን ያስተማሩን ታላቃችን አብረውን ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። «ዕቃው ይውጣ እንጂ ባሕሩን አይተን ነው የምንሄደው» ይሉን ነበር በየቀኑ። ዕቃው በአራተኛው ቀን ማታ ወጣ። መኪናው ተጭኖ ይጠብቅ ስለነበር ተሳፈርን። እትዬ በመስኮቱ ወደ ጨለማው እያዩ «በል፣ ሌላ ጊዜ» አሉ።

ያ ሌላ ጊዜ ሲመጣ የእትዬ ጉልበት እምቢ አለ። እኛ ያለ ዕቃ፣ ያለ ሰነድ፣ ለዕረፍት ብቻ ሄድን፤ እሳቸው ቀሩ። ስንመለስ በየምሽቱ ቡና እያፈሉ ያየነውን አንድ በአንድ አስወሩን። በመጨረሻ «እንዲህ ከሆነማ በእኔ ጉልበት ልክ ዕቅድ አውጡልኝ» አሉ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕቅድ ውጤት ነው። የምናየውን ቦታ ታሪክ አስቀድመን ካላወቅን ግንብ አይተን እንመለሳለንና፣ ታሪኩን ከመንገዱ ጋር አብረን አስቀመጥነው። የጠቀስናቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ወደብ ያላት ደሴት

የሞምባሳ አሮጌው ከተማ ያለው ደሴት ላይ ነው። እኛ የምናውቀው ኪሊንዲኒ፣ የትላልቅ መርከቦች ወደብ፣ በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ነው። ስሙ በስዋሂሊ ጥልቅ ውኃ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ አሮጌው ወደብ አለ፤ ትንሽ፣ ጸጥ ያለ፣ በሸራ የሚሄዱ የእንጨት ጀልባዎች ሲያድሩበት የኖረ። በዚያ በአራቱ ቀን ያደርንበት ቤት ከአሮጌው ወደብ ብዙም የራቀ አልነበረም። የወደቡ ግማሽ ታሪክ ከጀርባችን ሆኖ እኛ ፊታችንን ወደ ኮንቴይነሩ አዙረን ነበር።

የዚህ ባሕር ዳርቻ ንግድ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በተጻፈ አንድ የግሪክኛ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። የቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ የነጋዴ መምሪያ ነው ማለት ይቻላል። የት ወደብ ምን ይሸጣል፣ ምን ይገዛል፣ በየትኛው ወር መነሳት ይሻላል ብሎ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ የአክሱም መውጫ የነበረችው አዱሊስ አለች፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ ራፕታ የተባለች የምሥራቅ አፍሪካ የገበያ ከተማ አለች። ከሁለቱም የዝሆን ጥርስና የኤሊ ድንጋይ ይወጣ ነበር። የእኛ ሰሜንና የእነሱ ደቡብ በአንድ የንግድ መጽሐፍ ከተጻፉ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆናቸው ነው ማለት ነው።

ንግዱን ያንቀሳቅስ የነበረው ነፋስ ነው። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ስዋሂሊዎች ካስካዚ ይሉታል፤ ከዓረቢያና ከህንድ የሚመጣውን ጀልባ ገፍቶ ያመጣዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ ነፋሱ ይዞርና ኩሲ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጀልባው ወደ ሰሜን ይመለሳል። ስለዚህ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን በሳምንት ቢሸጥም እንኳ ነፋሱ እስኪዞር መቀመጥ ግዴታው ነበር።

እኛ በኮሜርስ ዲፕሎማ የተማርነው ዕቃ ሳይንቀሳቀስ የዋለበት ቀን ሁሉ ወጪ መሆኑን ነው። ትክክል ነው። ይህ ባሕር ዳርቻ ግን የተሠራው በዚያ በመቀመጥ ነው። የተቀመጠው ነጋዴ ከአገሬው ተጋባ፣ ቤት ሠራ፣ መስጊድ አቆመ፣ ልጅ አሳደገ። የአገሬው የባንቱ ቋንቋ ሰዋስዉን እንደያዘ ብዙ የዓረብኛ ቃል ተቀበለ። ስዋሂሊ የሚለው ስም ራሱ የባሕር ዳርቻ ከሚለው የዓረብኛ ቃል የተገኘ ነው። እኛም ከዚያው ከዓረብኛ ምንጭ ስለቀዳን ገበያ ውስጥ ብዙ አንቸገርም። ሳህን ሳሃኒ ነው፤ ሳንዱቅ ሳንዱኩ ነው፤ ሳሙና ሳቡኒ ነው፤ ደቂቃ ዳኪካ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን የጋራ ነበር። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትና 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የብር ገንዘብ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በዛንዚባርና በዚህ ባሕር ዳርቻም ይገበያዩበት ነበር። የሐረር ቡና የተሸጠበት ብርና የላሙ ጣውላ የተገዛበት ብር አንድ ዓይነት ነው።

ምሽጉ

ከአሮጌው ወደብ በላይ ቆሞ የሚታየው ፎርት ጂሰስ ነው፤ የኢየሱስ ምሽግ ማለት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ምሽጉ ከመሠራቱ በፊት ነው።

በሚያዝያ 1498 ቫስኮ ዳ ጋማ የተባለው ፖርቹጋላዊ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ሞምባሳ ደረሰ። ከከተማው ጋር ስላልተማመኑ ብዙ ሳይቆይ መልሕቁን አነሳ። ወደ ሰሜን ወጥቶ ማሊንዲ ሲደርስ ግን የማሊንዲው ገዢ ተቀበለው። ማሊንዲና ሞምባሳ የገበያ ተቀናቃኞች ነበሩ፤ የአንዱ ጠላት ለሌላው ወዳጅ ሆነ። ከማሊንዲ መንገድ መሪ ተሰጠውና በግንቦት ወር ህንድ፣ ካሊከት ገባ። በ1505 ሌላ የፖርቹጋል መርከብ ጦር መጥቶ ሞምባሳን ዘርፎ አቃጠለ። በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለ መድፍ መነገድ እያበቃ ነበር።

ምሽጉ ከ1593 እስከ 1596 ተሠራ። ንድፉን ያወጣው ከሚላኖ የመጣ ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ እጅና እግሩን የዘረጋ ሰው ይመስላል። ከመቶ ዓመት በኋላ የኦማን ጦር ከ1696 እስከ 1698 ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከበበው። ውስጥ ያሉትን ከመድፉ ይልቅ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። ሲያዝ በሕይወት የተገኙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። እንግሊዞች ሲመጡ ደግሞ እስር ቤት አደረጉትና እስከ 1958 ድረስ እስረኛ ይታጎርበት ነበር። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

ለእኛ በተለይ እዚያ ግንብ ላይ ቆመን ያስታወስነው አንድ ነገር አለ። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1541 ወደ 400 የሚሆኑ ነፍጠኞች ይዞ በምጽዋ በኩል አገራችን ገባ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጋር በነበረው ጦርነት ተዋግቶ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። በትምህርት ቤት ስሙን ሁላችንም ሰምተናል። አባቱ ማሊንዲ ላይ የተከለው የድንጋይ ምሰሶ ግን ከሞያሌ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ቆሞ እንዳለ የነገረን አልነበረም። ታሪክ መጽሐፋችን በምጽዋ በኩል ብቻ ያየውን ሰው ቤተሰብ፣ እኛ በደቡቡ በር በኩል አገኘነው።

ጌዲ፦ ንግድ የተዋት ከተማ

ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማሊንዲ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፣ ዋታሙ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ዛፍ የዋጣት ከተማ አለች። ስሟ ጌዲ ነው። ቃሉ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ ውድ ማለት ነው ይባላል፤ ከኦሮሞ ወገን የሆኑት ኦርማዎች ዛሬም ከዚያ በስተ ሰሜን በጣና ወንዝ ዳር ይኖራሉ። ከመካከላችን የቦረና ልጅ የሆነችው ይህን ስትሰማ ፈገግ ብላ «እንግዲህ ቤቴ ነው» አለችን።

በጌዲ ታላቁ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት፣ የድንጋይ ቤቶች፣ የውኃ ጉድጓዶችና የመቃብር ምሰሶዎች አሉ። በአንዱ መቃብር ላይ የተጻፈው ዓመት በፈረንጅ ሲቆጠር 1399 ነው። ጄምስ ከርክማን የሚባል እንግሊዛዊ የጥንት ቁሳቁስ አጥኚ ከ1948 ጀምሮ ቆፈራት። ከአፈሩ የወጣውን ስናይ የአንድ ትልቅ ጅምላ ሻጭ መጋዘን የተከፈተ መሰለን፤ የቻይና ሸክላ ሳህን፣ የቬኒስ ዶቃ፣ የብረት መብራት፣ መቀስ፣ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል የባሕር ዛጎል። ከርክማን ቤቶቹን የሰየማቸው በውስጣቸው በተገኘው ዕቃ ነው። የመቀሱ ቤት፣ የዛጎሉ ቤት፣ የቬኒስ ዶቃው ቤት ይባላሉ። የባለቤቶቹ ስም ጠፍቶ የዕቃቸው ስም ቀረ። አንዳችን «የእኔን ቤት ቢቆፍሩ የፕላስቲክ ባልዲ ቤት ይሉት ነበር» ብላ አሳቀችን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

በዚያ ዘመን ይህ ዳርቻ ምን ያህል ሩቅ ይነግድ እንደነበር ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። በ1415 ማሊንዲ ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በስጦታ ልካለች። ቀጭኔ በመርከብ ጭኖ ቻይና ማድረስ ከእኛ የኮንቴይነር ጣጣ እንደማይቀል መገመት ይቻላል።

ጌዲ በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ባዶ ቀረች። አጥኚዎቹ ብዙ ምክንያት ያነሳሉ። የጉድጓዱ ውኃ እየራቀ ሄደ፤ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ግፊት ነበር፤ ፖርቹጋሎችም ምሽጋቸውን ሞምባሳ ላይ ሠርተው የማሊንዲን ወዳጃቸውን ይዘው ወደዚያ ሲዞሩ ገበያው አብሮ ሄደ። የመጨረሻው እኛን ያስፈራናል። መንገድ ሲዞር ከተማ እንደሚሞት በዓይናችን አይተናል። አንድ ኬላ ሲዘጋ አልጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ተሸካሚው፣ ገንዘብ መንዛሪው ሁሉ በወራት ውስጥ ይጠፋል። አዱሊስም የቆመችበት ዘመን አልፎ በአሸዋ ተቀብራለች። ጌዲ የእነሱ አዱሊስ ናት። ከ2024 ጀምሮ እሷም በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ናት።

ላሙ፦ ሰዓታችን የሚገጥምበት

ላሙ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን፣ ከሶማሊያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ ያለች የደሴት ከተማ ናት። በ2001 የዓለም ቅርስ ሆናለች። መንገዷ ጠባብ ስለሆነ የሚጫነው በአህያ ነው። ለእኛ አህያ ብርቅ አይደለም፤ መኪና አለመኖሩ ግን ጆሮን ያሳርፋል።

ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር ከተፈለጠ የኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው፤ ጣራው በጨው ውኃ ውስጥ ከሚበቅል ዛፍ በተቆረጠ ግንድ ይያዛል። የግንዱ ርዝመት ስለሚወስነው ክፍሎቹ ረጅም እንጂ ሰፊ አይደሉም፤ ወርዳቸው ከሦስት ሜትር አያልፍም። በሩ የተቀረጸ እንጨት ነው። ከበሩ ፊት ግራና ቀኝ የድንጋይ መደብ አለ፤ ባራዛ ይሉታል። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ዋጋ የሚነጋገሩት፣ ዱቤ የሚስማሙት እዚያ ነው። ነጋዴው ወደ ቤተሰቡ ሳይገባ ይስተናገዳል። የእኛን የሱቅ ደጃፍ በርጩማ አስታወሰን።

የተሳሳትነውም እዚሁ ነው። ናይሮቢ በእንግሊዝኛ ስለምንሠራ ሰዓት መቀየር ለምደናል። ወደ ታክዋ ፍርስራሽ ሊወስደን የተስማማው ጀልበኛ በስዋሂሊ «ነገ ሳአ ምቢሊ» አለን፤ ነገ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። እኛ ብልጥ ሆነን ሁለት ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ነው ብለን ቀየርነውና ተኛን። ሰውዬው በጠዋት ሁለት ሰዓት መጥቶ ጠብቆን ሄዷል። ስዋሂሊም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራል፤ የጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። ሳንቀይር እንዳገራችን ብንሰማው ኖሮ በደረስን ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነውና ለሁለተኛው ቀን ሙሉ ከፈልነው። ምክራችን ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተነገራችሁን ሰዓት ቀይሩ፣ በስዋሂሊ የተነገራችሁን እንዳለ ያዙ፣ ሁልጊዜም ጠዋት ነው ከሰዓት ብላችሁ ጠይቁ።

ላሙ ከአገራችን ጋር ያላት ጉዳይ የትናንት አይደለም። በ1624 ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቹጋላዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በላሙ አጠገብ ባለችው በፓቴ ደሴት ወርዶ ከዚያ በየብስ ኢትዮጵያ ለመግባት ሞከረ። ወደ ጁባ ወንዝ አቅጣጫ ተጉዞ መንገዱ አላሳልፍ ሲለው ተመለሰ። በኋላ የገባው በቀይ ባሕር በኩል፣ በአፋር ዳርቻ ባለችው በበይሉል ነው። ከዚያ ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በመጋቢት 2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ላሙ ላይ ተገናኝተው ላፕሴት የሚባለውን መስመር አስጀመሩ። ከላሙ ወደብ በኢሲዮሎ አድርጎ ሞያሌ የሚደርስ ማለት ነው። የአዲሱ ወደብ የመጀመሪያ መቆሚያ በግንቦት 2021 ተከፈተ። ሎቦ ያላገኘው መንገድ በካርታ ላይ የእኛ መንገድ ሆኗል። አንድ ቀን ሰነዳችን ላይ ከሞምባሳ ይልቅ ላሙ የሚል ቢጻፍ፣ ከተማዋን አስቀድሞ ያየ ነጋዴ አይከፋውም።

በሒሳብ መዝገቡ ያልሰፈረው

የዚህን ዳርቻ ነጋዴዎች ስናመሰግን አንድ ነገር ብንዘል ውሸት ይሆንብናል። ከዝሆን ጥርሱና ከጣውላው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የማሊንዲ ዙሪያ እህል ወደ ውጭ ይላክ የነበረው በባሮች ጉልበት ታርሶ ነው። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዝ ግፊት የባሪያ ገበያዎችን የዘጋው በ1873 ነው፤ በኬንያ ዳርቻ ባርነት በሕግ የቀረው በ1907 ነው። ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ያለው ፍሬሬታውን የሚባለው ሰፈር በ1870ዎቹ ነፃ ለወጡ ባሮች የተቆረቆረ ነው።

የላሙን በር ቀረጻ ስናደንቅ ድንጋዩን ከባሕር የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው ማን ነው ብለን ጠየቅን። መልሱን ለእነሱ ብቻ ትተን መምጣት አልቻልንም። በምጽዋ፣ በዘይላና በታጁራ ወደቦች ከእኛ አገር የወጡት ሰዎች ቁጥር ቀላል አልነበረም፤ የወሰዷቸውም ነጋዴዎች ነበሩ። አገራችን ባርነትን በአዋጅ የከለከለችው በ1942 ነው። እትዬ ይህን ስንነግራቸው ስኒውን አስቀምጠው «የእኛ ሥራ ሁሉንም ነገር ዋጋ ለማውጣት ያስለምዳል፤ ለዚህ ነው ሰው አንዳንዴ መቀመጥ ያለበት» አሉ። እኛ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘንም።

ለእትዬ ያወጣነው ዕቅድ

ጊዜው፦ ከመስቀል ገበያ ማግስት። በዳርቻው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከባድ ዝናብ ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ሙቀቱ ይበረታል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ለእኛም የበዓል ሽያጭ አልቆ ገንዘብ እጃችን የሚገባበት ነው።

ገንዘቡ፦ በእቁባችን ላይ አንድ የጉዞ ዕጣ ጨምረናል። ዕጣው ለማንም አይወጣም፤ ለሁላችን ነው። ከዋናው የንግድ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል በሌላ ሰው እጅ ነው ያለው። ይህን ያደረግነው ራሳችንን ስለምናውቅ ነው። ናይሮቢ ስንደርስ «ርካሽ ዕቃ አገኘሁ» የሚል አይጠፋም።

ሰነዱ፦ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥ በሚነሱበት ሳምንት ኬላው ላይ ማጣራት ያስፈልጋል። ዳርቻው የወባ አገር ስለሆነ ከመነሳት በፊት ሐኪም ማማከር ነው።

መንገዱ፦ ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ነው። ለጉልበት የሚሻለው በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር ነው፤ ሰው በመሐል ተነስቶ እግሩን ያፍታታል። ጣቢያዎቹ በሁለቱም በኩል ከመሐል ከተማ ውጭ ስለሆኑ የታክሲ ሒሳብ ይጨመርበት። ባቡሩ የሚሄደው ከ1896 ጀምሮ እንግሊዞች በህንድ ሠራተኞች ጉልበት ከዘረጉት አሮጌ ሐዲድ ጎን ለጎን ነው። ናይሮቢ ራሷ በ1899 የዚያ ሐዲድ ማረፊያ ሆና የተወለደች ከተማ ናት። ድሬዳዋን የባቡር ልጅ እንደምንላት ናይሮቢም እህቷ ናት።

የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። እንቅልፍ፣ ከዚያ ባሕር። እትዬ መጀመሪያ የሚያዩት ምሽጉን ሳይሆን ባሕሩን ነው፤ ቃል ነው።

ሁለተኛው ቀን ፎርት ጂሰስ፣ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ። መግቢያው ዳገት አለው፤ ግንቡ ላይ ለመውጣት ደረጃ ነው። እሳቸው ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ እኛ ወጥተን እንነግራቸዋለን። ከሰዓት በኋላ ቢያሻራ መንገድ ነው፤ ቢያሻራ ማለት ንግድ ማለት ነው። ሌሶ ወይም ካንጋ የሚባለው፣ ተረትና ምክር የተጻፈበት ባለ ቀለም ጨርቅ በጥንድ የሚሸጥበት ነው። ለስጦታ እንጂ ለሽያጭ አይገዛም ብለን ተማምለናል። መሐላው ይጸናል አይጸናም፣ እናያለን።

ሦስተኛው ቀን ጌዲ። መንገዱ ሜዳና ጥላ ስለሆነ ለጉልበት ከሁሉም ይቀላል። ዝንጀሮዎቹ ምግብ ይነጥቃሉና ፌስታል አይያዝ። ማደሪያ ማሊንዲ ወይም ዋታሙ።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ላሙ። ወደ ላሙ በሚወስደው የየብስ መንገድ ላይ ጥቃት የደረሰበት ጊዜ ስላለ፣ የወቅቱን ሁኔታ ሳይጠይቁ መኪና መያዝ ልክ አይደለም። እትዬን በአውሮፕላን ነው የምንወስዳቸው፤ ማረፊያው ማንዳ ደሴት ላይ ነው፣ ከዚያ በጀልባ ይሻገራሉ። አልጋው ከባሕሩ ዳር ካለው መንገድ ሳይርቅ ይያዝ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ዳገትና ደረጃ ይበዛል። ከተማው የሙስሊም ከተማ ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበስ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ።

ለጾመኛ፦ ምባዚ የሚባል በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር አለ፤ ከማሃምሪ ጋር ይቀርባል፣ ማሃምሪ እንደ ቦንቦሊኖ ያለ ነው። ማሃምሪው ወተት ወይም እንቁላል እንዳለው መጠየቅ ነው። ቡናው ዝንጅብል ይገባበታል። እትዬ «ዝንጅብል ያለበትን ቡና ብለው አይጠሩትም» ብለዋል፤ የራሳቸውን ቡና ቆልተው ሊይዙ ነው።

ሰባተኛው ቀን መመለሻ ነበር። እትዬ ዕቅዱን ካነበብንላቸው በኋላ «የድሮዎቹ ነጋዴዎች ነፋሱ እስኪዞር ስንት ወር ነው የተቀመጡት አላችሁ?» ብለው ጠየቁን። አራትም አምስትም ወር ሊሆን ይችላል አልናቸው። «እንግዲያው እኔም ሁለት ቀን ጨምሩልኝ፤ ባራዛው ላይ እቀመጣለሁ» አሉ። ጨምረናል። ዕቅዱ ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ከመስቀል ማግስት እንነሳለን።